ተመልሳችሁ ኑ

በ2071 ዓ.ም. የጥር ወር ኮምቦልቻ ውስጥ አንድም ሠርግ ሳይሠራበት አለፈ።

መጀመሪያ ያስተዋሉት ድንኳን አከራዮች ነበሩ። ድንኳናቸውን እንደታጠፈ አውጥተው ፀሐይ አስመቱት፤ እንደታጠፈም መልሰው አስገቡት። የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋቹ ጣቶቹ እንዳይደርቁ ብሎ በቆዳ ፋብሪካው በር ላይ ለሚገባውና ለሚወጣው ሠራተኛ በነጻ መጫወት ጀመረ። የከተማው ጥናት ክፍል ጉባኤ ጠራ። ምሁራኑ ምክንያቱን ለሙቀቱ፣ ለቤት ኪራዩና ለወጣቱ ብቸኝነት አካፈሉት። አንድ ተናጋሪ ጋብቻ እንደ ፈረስ ጋሪ ጊዜው ያለፈበት ነገር መሆኑን በሥዕል አስረዳ፤ ተጨበጨበለት። በአዳራሹ ከተቀመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ያን ሰሞን ሽማግሌ ልከው የተከለከሉ፣ ወይም የመጣላቸው ሽማግሌ ሳይመለስ የቀረባቸው ነበሩ። ሰብሳቢው አስተያየት ያለው እንዳለ ሲጠይቅ ግን አንድም እጅ አልወጣም።

ሰርካዲስ ይመርም እጇን አላወጣችም።

ሰርካዲስ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ሥራዋ ለወኪሎች የመሣሪያ መግለጫ መጻፍ ነው። በዚያ ዘመን ሰው በራሱ እጅ የሚያስፈጽመው ጉዳይ ጥቂት ነበር። እያንዳንዱ ሰው አንድ ወኪል አለው፤ ገላ የለውም፣ ድምፅ አለው። ወኪሉ ደግሞ ያለ መሣሪያ ምንም አያደርግም። ውኃ የሚከፍት መሣሪያ አለ፤ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ የሚይዝ አለ፤ ይቅርታ የሚያደርስም አለ። ወኪል ስለ አንድ መሣሪያ የሚያውቀው የተጻፈለትን ያህል ነው፦ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደማይነካ፣ የሚያመጣው መልስ ምን ማለት እንደሆነ። ያልተጻፈለት ነገር በዓለም ላይ የለም።

ስለዚህ ከተማው የሚኖረው መግለጫ ጸሐፊዎች እንደጻፉት ነበር። አንድ ሰሞን የአንድ ሐኪም ቤት በር «ለታመመ ሰው ይከፈታል» ተብሎ ተጻፈ። ጠያቂው ሁሉ እያሳለ መግባት ለመደ። መግለጫው ከታረመ በኋላም ሰዎች እዚያ በር ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን መጥረግ አልተዉም።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ጫንያለው ለትርፍ ቃል ምሕረት የላቸውም። የተጻፈውን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ አንድ ቃል ያወጣሉ፤ እንደገና ያነባሉ። ዓረፍተ ነገሩ ካልተናጋ ቃሉ አይመለስም። በዚህ ሚዛን ከሰርካዲስ የሚቀድም አልነበረም። ከጎኗ የምትቀመጠው ነጃት «ቁጥቧ» ትላታለች፤ ለምሳ ስትጠራትም እንዳታባክንባት ብላ በአንድ ቃል ነው።

ባለፈው መስከረም ለአዲስ መሣሪያ መግለጫ እንድትጽፍ ታዘዘች። መሣሪያው ሽማግሌ ይልካል። ሰዎች ሥራቸው በዛና ሽማግሌ መለመን፣ መኪና ማዘጋጀት፣ ቀን መቁረጥ አቃታቸው፤ ይህን ሁሉ ወኪል ይሥራው ተባለ። ሽማግሌዎቹ ሰዎች ናቸው፤ የሚሄዱትም በአካል ነው፤ ቀሪውን ወኪሉ ይጨርሳል። ሰርካዲስ ከምሳ በፊት ጽፋ ጨረሰች፦

«ሽማግሌዎችን መርጦ ወደ ልጅቷ ቤተሰብ ይልካል። የቤተሰቡን መልስ ያመጣል። መልሱ እሺታ ወይም እምቢታ ነው።»

አቶ ጫንያለው አነበቡት። እንደገና አነበቡት። የሚያወጡት ቃል አጡ። በዚያ ዓመት ያለ እርማት የጸደቀ መግለጫ ይኸው አንዱ ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ ሽማግሌዎች ወደ ራሷ ቤት መጡ።

የላካቸው ኑርልኝ ነው። ኑርልኝ ከከተማው በላይ ባለው ተራራ የነፋስ ማማ ይጠግናል፤ ቀኑን ሙሉ ከደመና ጋር ውሎ ሲወርድ ጮክ ብሎ የሚያወራው ነፋሱ ገና በጆሮው ስላለ ነው። ከሰርካዲስ ጋር ከተዋወቁ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ከእነሱም አንዱ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሙሄ፣ እንደ ወጉ ሳሎን ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ሲባሉ የመጡበት ሳይሰማ እንደማይቀመጡ ተናገሩ። አባቷ አቶ ይመር፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ፣ እስኪጨርሱ ሰሟቸው። ከዚያ ነገሩ ከባድ መሆኑን፣ የሚመክሩት ዘመድ እንዳላቸው፣ አንዲት ልጃቸውን በአንድ ቀን የሚሰጡ ሰው እንዳልሆኑ አስረዱ። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ወጡ። አቶ ይመር በሩን ዘግተው ሲመለሱ በአፍንጫቸው ያንጎራጉሩ ነበር። በማግሥቱ ለሁለተኛው ቀን የሚሆኑ ሦስት ወንበሮች አስቀቡ።

ሁለተኛው ቀን ግን አልመጣም።

አቶ ይመር እሑድ በመጣ ቁጥር ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በሩን ፊት ለፊት እያዩ ይቀመጣሉ። ሲመሽ ጋቢውን አጥፈው ያስቀምጡታል። ለልጃቸው ምንም አይሉም፤ የሴት አባት፣ ያባረራቸውን ሽማግሌዎች ተመለሱ ብሎ ሊልክባቸው አይችልም። አንድ ቀን ብቻ፣ ወንበሮቹን እያዩ፣ የዛሬ ዘመን ሰው ጉልበት እንደሌለው አጉረመረሙ።

ሰርካዲስ በበኩሏ አንድ ጊዜ ደወለች። ያነሣው የኑርልኝ ወኪል ነበር፤ ጉዳዩ እንደተዘጋ በጨዋ ድምፅ ነገራትና መልካም ቀን ተመኘላት። ሁለተኛ አልደወለችም። ሁለተኛ መጠየቅ ለእሷ የሚሆን ነገር አልነበረም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የምትሳፈርበት አውቶቡስ በፒያሳ በኩል መሄዱን ትቶ በቆዳ ፋብሪካው ዞረ። ወኪሏን ስትጠይቀው በዚህ በኩል እንደሚሻላት መለሰላት። ሽታው የሚሻል አልነበረም፤ ቢሆንም ለመደችው። ኪቦርድ ተጫዋቹንም በዚያው ለመደችው።

የካቲት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ጋሽ ሙሄ ለአዝራር የሚሆን ቁራጭ ቆዳ ገዝተው በፋብሪካው በር ከዚያው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሰርካዲስን አዩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ተነሥታ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ሰላም አለቻቸው። ስለ ጤናዋ፣ ስለ አባቷ ጤና፣ ስለ ሥራዋ ጠየቋት፤ ሁሉንም መስኮቱን እያዩ ነበር። በመጨረሻ አላስቻላቸውም።

«ለመሆኑ ሁለተኞቹ እንዴት ናቸው?»

«የቶቹ ሁለተኞች፣ ጋሽ ሙሄ?»

«ከእኛ በኋላ የተላኩት ሽማግሌዎች ናቸዋ። መቼም ከእኛ የከበሩ ይሆናሉ። መኪና ያላቸው።»

ከእነሱ በኋላ ማንም እንዳልመጣ ነገረቻቸው። ጋሽ ሙሄ ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ።

«ማንም?»

«ማንም። አባዬ እሑድ እሑድ በር እያየ ነው።»

ሽማግሌው ነገሩን ከሥሩ ጀመሩላት። ከእነሰርካዲስ ቤት ወጥተው መኪናው ውስጥ እንደገቡ የኑርልኝ ወኪል ምን መልስ እንዳገኙ ጠየቃቸው። አልሰጡንም አሉት። አመሰግናለሁ አላቸው፤ በየቤታቸው አደረሳቸው። እነሱም ለሁለተኛው ቀን እስኪጠሩ ልብሳቸውን አስተኩሰው ጠበቁ። ጥሪው ሲቀር ልጁ ንቋቸው ሌሎች ልኳል ብለው ደመደሙ፤ ሦስቱም ይህንኑ አስበዋል፤ አንዱ ለሌላው ግን አልተናገረም።

«አልሰጡንም አላችሁት» አለች ሰርካዲስ ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምን እንበለው? በመጀመሪያ ቀን ማን ይሰጣል? ገበያ ነው እንዴ!»

ሰርካዲስ የጻፈችው ትዝ አላት። መልሱ እሺታ ወይም እምቢታ ነው። ዓረፍተ ነገሩ በአቶ ጫንያለው ድምፅ በጆሮዋ ተነበበ፤ ከእሱ የሚወጣ ቃል የለም፤ የጎደለው ግን የትየለሌ ነው። ወኪሉ አልሰጡንም ሲባል ከተጻፉለት ሁለት መልሶች የሚቀርበውን አነሣ። እምቢታ ሲመዘገብ ደግሞ የእምቢታ ሕግ ይሠራል፦ እምቢ የተባለ ወንድ ለሦስት ዓመት ወደ ሴቲቱ አይደውልም፣ አይልክም፣ በመንገድ እንኳ እንዳይገጣጠሙ ወኪሎቻቸው መንገዳቸውን ይለያያሉ። አውቶቡሷ በቆዳ ፋብሪካው የዞረው ለዚህ ኖሯል።

ሕጉ ክፉ ሕግ አይደለም። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሕጉ እንዲወጣ በፀሐይ ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ ነበረች። በእጇ የያዘችው ጽሑፍ አራት ማዕዘን ካርቶን ላይ ነበር፦ «አንድ እምቢታ ይበቃል»።

«ደግሞ» አሉ ጋሽ ሙሄ፣ ሊወርዱ ሲነሡ፣ «ለልጁ የባሕር ካፖርት እየሰፋሁለት ነው። በፀሐይ ኃይል በሚሄድ መርከብ ላይ ሊሠራ ፈርሟል መሰለኝ፤ ሦስት ዓመት ነው የሚባለው። ልኩን ስወስድ እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝ። ዓርብ ይወስዳል። ቅዳሜ ባቡር አለ።»

ቢሮ ስትደርስ ነገሩን በመጀመሪያ ለነጃት ነገረቻት። ነጃት እስኪያልቅ ሳትስቅ መቆየት አልቻለችም፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን ከንፈሯን መጠጠች።

«ራስሽን በራስሽ ጽሑፍ አስከለከልሽ? ይኼማ ቁጠባ አይደለም፤ ስስት ነው።»

ከዚያ ምክር ሰጠቻት። ምክሩ ቀላል ነበር፦ ዓርብ በእግርሽ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ሂጂ፣ ልጁን አግኝተሽ ንገሪው። ሕጉ የሚያስረው እሱን እንጂ አንቺን አይደለም።

ሰርካዲስ ይህን በአውቶቡስ ውስጥ አስባበት ነበር። ሄዳ ብትነግረው የእሷ ይቃናል። ጉባኤው ላይ አጠገቧ የተቀመጡትስ? በየቤቱ እሑድ እሑድ ጋቢ ለብሶ በር የሚያየው አባትስ? ሁሉም በዚያው መግለጫ ታስረዋል፤ ሁሉም የራሱን ኀፍረት ብቻ ያውቃል።

«መጀመሪያ መግለጫውን ላርመው» አለች። «እስከ ዓርብ ካልደረሰልኝ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ማረሙ ከምሳ በፊት የሚያልቅ አልሆነም። የመጀመሪያው ሙከራዋ «እምቢታ ከሆነ እንደገና ላክ» ይል ነበር። ጽፋ ሳትጨርስ ደመሰሰችው። እናቷ በፀሐይ የተሰለፈችው ይህን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ለማስቆም ነው። ቤተሰቡ ሂዱ ሲል ተመለሱ ማለቱ ነው፤ ሴት ልጅ ሂድ ስትል ሂድ ማለቷ ነው። ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ቤት ነው። ወኪል በምን ይለያቸው? የፊት ገጽታ ልጻፍለት አለች፤ አባቷ ግን ሲደሰቱም ሲቆጡም ያው ተቆጣጣሪ ናቸው። እስከ ማታ ጻፈች፤ ሐሙስ ጠዋትም ቀጠለች።

በመጨረሻ ስሕተቱ ከመልሱ ላይ ሳይሆን ከመልስ ሰጪው ላይ እንደነበር አየች። መሣሪያው ሽማግሌ ይመርጣል፣ መኪና ያዘጋጃል፣ አባትን ይጠይቃል። ልጅቷን አይጠይቅም። እሷ ራሷ፣ የዚያች እናት ልጅ፣ ልጅቷን ከመግለጫው ውስጥ እንደ ትርፍ ቃል አውጥታታለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጻፈችውን ለአቶ ጫንያለው ሰጠች። እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው አነበቡት፦

«በመጀመሪያ ልጅቷን ራሷን ጠይቅ። እምቢ ካለች ጉዳዩ አልቋል፤ አንድ እምቢታ ይበቃል፤ ምክንያት አትጠይቅ። እሺ ካለች ሽማግሌዎችን ወደ ቤተሰቧ ላክ። ቤተሰብ በመጀመሪያ ቀን አይሰጥም፤ ይህ ወግ እንጂ መልስ አይደለም። ሽማግሌዎቹን ‹እንመለስ ወይ?› ብለህ ጠይቃቸው። እንመለስ ካሉ እነዚያኑ ሽማግሌዎች መልሰህ ላክ። በሌሎች አትቀይራቸው፤ ይከፋቸዋል። እነሱ ‹አንመለስም› እስከሚሉ ድረስ ጉዳዩን አትዝጋ። ልጅቷ በማንኛውም ቀን ሐሳቧን ከቀየረች ሁሉም ነገር በዚያው ይቁም።»

አቶ ጫንያለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወይዘሪት ሰርካዲስ፣ ይኼ መግለጫ ነው ወይስ የሠርግ ንግግር?»

«የጎደለ ካለ ይጨመርበት እንጂ የሚወጣ አላገኘሁም።»

«‹ይከፋቸዋል› የሚለው ይውጣ። ‹አትቀይራቸው› በቂ ነው። ወኪል ምክንያት ምን ያደርግለታል?»

ሰርካዲስ ይህን ጥያቄ ጠብቃው ነበር። ትእዛዙን ብቻ ያወቀ ወኪል ትእዛዙ በማይደርስበት ቦታ ላይ ይሳሳታል፤ አንዱ ሽማግሌ ቢታመም፣ ሌላው ወደ ሐጅ ቢሄድ፣ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። እንደሚከፋቸው ካወቀ ግን ሳይልካቸው በፊት ደውሎ ያማክራቸዋል። እሷም ይህን የተማረችው ጋሽ ሙሄ ወደ መስኮት ሲዞሩ እንደሆነ ነገረቻቸው።

ኃላፊው ወረቀቱን አስቀመጡ። ነጃት በኋላ እንደምትምለው፣ አንገታቸው ቀላ።

«የእኔም ልጅ በኅዳር ልኮ ነበር» አሉ። «አልተሳካም አለኝ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ይህ ነገር አልተነሣም። እናቱ የልጅቷን ፎቶ ከሳሎን አንሥታለች።» ወረቀቱን መልሰው አነሡት። «የልጅቷ አባት ደግሞ በየሳምንቱ መስጊድ በር ላይ ያዩኛል። ያፈጡብኛል። ጥላቻ መስሎኝ ነበር።»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ፈረሙ። «ይከፋቸዋል» የሚለው ቃል በቦታው ቀረ።

አዲስ መግለጫ ለሁሉም ከመለቀቁ በፊት በአንድ እውነተኛ ጉዳይ ላይ መሞከር አለበት፤ ጸሐፊው ደግሞ የራሱን መሣሪያ አይሞክርም። ሙከራውን ነጃት ያዘች። የማንን ጉዳይ እንደምትመርጥ ማንም አልጠየቃትም።

ዓርብ ጠዋት የሰርካዲስ ስልክ ጠራ። ያ ጨዋ ድምፅ ነበር።

«ወይዘሪት ሰርካዲስ፣ አባትዎ በታኅሣሥ የሰጡት መልስ በእጄ አለ። የእርስዎን ግን አልጠየቅሁም ነበር፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ኑርልኝን ለማግባት ፈቃድዎ ነው? እምቢ ካሉ ሁለተኛ አልጠይቅም።»

በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ነበር። ሰርካዲስ ግን አፏን ስትከፍት ሌላ ሆነ። ስለ አውቶቡሱ ነገረችው። ስለ ቆዳው ሽታ፣ ስለ አባቷ ጋቢ፣ የተቀቡት ወንበሮች ቀለማቸው እንኳ ሳይነካ እንደቀረ፣ ያን ጊዜ ስትደውል የሰማችው መልስ የኑርልኝ የራሱ ቃል መስሏት እንደነበር፣ ከተራራ ሲወርድ የሚጮኸው ድምፁ እንደናፈቃት ነገረችው። ነጃት ከጎኗ ተቀምጣ ጥርሷን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች። ወኪሉ ሳያቋርጥ አዳመጠ።

«መልሱ እሺታ ነው?» አለ።

«ነው» አለች ሰርካዲስ።

የቀረውን ጋሽ ሙሄ ናቸው የሚተርኩት። ኑርልኝ በዚያ ሰዓት በሱቃቸው መስታወት ፊት ቆሞ ካፖርቱን ሲለካ ነበር። አንዱን እጅጌ አጥልቋል፣ ሁለተኛው ተንጠልጥሏል። ወኪሉ በጆሮው አወራለት። እሱም ሳይንቀሳቀስ፣ በአንድ እጅጌ፣ ልብስ ሰፊው መርፌ ውስጥ ክር እስከሚያስገቡ ድረስ ቆመ። ጋሽ ሙሄ አዝራሩን ልትከለው ወይ ብለው ጠየቁት። ተዉት አላቸው፤ ነፋስ ማማ ላይ እንዳለ ጮክ ብሎ ስለነበር መንገደኛ ዞሮ አየ። ኑርልኝ እዚያው ቆሞ ሳለ፣ ወኪሉ መርከቡ ሌላ ጠጋኝ እንዲፈልግ ደወለ። ጋሽ ሙሄም ቀጥሎ ተደወለላቸው፤ «እንመለስ ወይ?» ተብለው ተጠየቁ። ይህን ሲተርኩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ቀና ይላሉ። እስቲ እናስብበት አልኩት ይላሉ።

ቅዳሜ መግለጫው ለሁሉም ወኪሎች ተለቀቀ። ወኪሎቹ በአሮጌው የዘጓቸውን ጉዳዮች አንድ በአንድ ከፍተው ልጃገረዶቹን ጠየቁ። አንዳንዶቹ እምቢ አሉ፤ የእነሱ ጉዳይ በዚያው ተዘጋ፤ ማንም ሁለተኛ አልደወለላቸውም። የቀሩት ብዙ ነበሩ። ወደ ማታ ድንኳን አከራዮቹ ስልክ ማንሣት አቃታቸው፤ በቆዳ ፋብሪካው በር ላይም ሙዚቃ አልተሰማም። የጥናት ክፍሉ አዲስ ጉባኤ ጠርቶ ጋብቻ ስለ ማንሠራራቱ ምክንያት ሊወያይ ቀጠሮ ያዘ።

እሑድ አቶ ይመር ጋቢያቸውን ለብሰው በር ፊት ተቀመጡ። ረፋዱ ላይ ደጁ ተንኳኳ። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ እነዚያው ሦስቱ፣ በተተኮሰ ልብስ ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ተባሉ፤ የመጡበት ሳይሰማ እንደማይቀመጡ ተናገሩ። ጋሽ ሙሄ ጀመሩ። ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ረዘም አደረጉት፤ የቆዩበትንም ምክንያት በሰፊው አስረዱ፤ ሁለቱ ጓደኞቻቸው በየመካከሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ይመር ሰምተው ሲጨርሱ ይቅርታ ጠይቀው ወደ ጓዳ ገቡ።

ሰርካዲስ እዚያ ቆማ ነበር።

«ያ ወኪል አንቺን ጠይቆሻል አሉ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጠይቆኛል፣ አባዬ።»

«ምን አልሽው?»

«እሺ አልኩት።»

«በመጀመሪያው ቀን?»

«በመጀመሪያው ቀን።»

አቶ ይመር ወደ ሳሎኑ በር ዞር ብለው አዩ።

«ቀስ በይ፤ ይሰሙሻል» አሏት።

ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ፊታቸውን እንደ ተቆጣጣሪነታቸው ዘመን አኮሳተሩ፤ አልሆነላቸውም፤ እስኪሆንላቸው በሩ ሥር ትንሽ ቆሙ። ሲሆንላቸው፣ ሽማግሌዎቹን ለሁለተኛ ጊዜ ሊመልሷቸው ወጡ።